የደብራችሁን የብራና መጻሕፍት በካሜራ ማንሳት፦ ከፈቃድ እስከ ቅጂ፣ ደረጃ በደረጃ

«ፍላሽ ብራናውን ይጎዳዋል ወይ?» «በስልኬ ባነሳው ምን ችግር አለው?» «ነጭ ጓንት ከየት ይገዛል?» እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ ከዲያቆናት፣ ከባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎች፣ ከውጭ አገር መጥተው የተወለዱበትን ደብር ለመርዳት ከሚፈልጉ ወገኖች ሳያቋርጡ ይደርሱኛል። ለአንዱ የጻፍኩትን ለሌላው ከምደግም ሙሉውን አሠራር እዚህ አስቀምጫለሁ።

መመሪያው በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ወይም በገዳም ዕቃ ቤት ያሉ የብራና መጻሕፍትን በተለመደ ካሜራ ለሚያነሳ ሰው ነው። ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ቆንጆ ፎቶና ማስረጃ የሚሆን ፎቶ አንድ አይደሉም። ሐረጉ (የገጹ ጌጥ) እና ሥዕሉ ብቻ በደማቅ ቀለም የተነሳበት ፎቶ ለግድግዳ ያምራል፤ መጽሐፉ ቢሰረቅ ግን «ይህ የእኛ ነው» ለማለት አያበቃም። ዋሽንግተን የሚገኘው ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ በ2008 ዓ.ም. አንድ የብራና መጽሐፍ ለደብረ ሊባኖስ ገዳም መልሷል። ባለቤቱ ሊታወቅ የቻለው ያው መጽሐፍ ከዓመታት በፊት ገዳሙ ውስጥ በማይክሮፊልም (ገጾችን አሳንሶ በሚያነሳ ፊልም) ተነስቶ ስለነበር ነው። እኛም የምንሠራው እንዲህ ያለውን ሥራ ነው፤ እያንዳንዱ ቅጠል፣ ባዶው ጭምር፣ ከቁጥሩና ከመለኪያው ጋር።

ከመነሳታችሁ በፊት፦ ፈቃድ

መጀመሪያ የደብሩን አስተዳዳሪ (ገዳም ከሆነ አበምኔቱን) አነጋግሩ፤ ቀጥሎ ሰበካ ጉባኤው ይወስን። ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ከወረዳው ቤተ ክህነት ወይም ከሀገረ ስብከቱም ደብዳቤ ይኑራችሁ። በመንግሥት በኩል ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የተመዘገበ ቅርስን ከግል ጥቅም ውጪ ለሆነ ዓላማ ፎቶ ማንሳት የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ የወረዳውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሳታሳውቁ አትጀምሩ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ወረቀት ለማብዛት አይደለም። የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ቄሰ ገበዙ ለዕቃው በነፍሱም በሕግም ተጠያቂ ነው። ደብዳቤ የሌለው ሰው መጽሐፍ ቢያስገልጠው ነገ የሚጠየቀው እሱ ነው።

በስምምነቱ ላይ እነዚህ በግልጽ ይጻፉ፦ ቅጂው የማን እንደሆነ፣ ስንት ቅጂ የት የት እንደሚቀመጥ፣ በኢንተርኔት የሚወጣ ነገር ይኑር ወይ፣ የትኞቹ መጻሕፍት እንደማይነሱ። አንዳንድ ደብር ለሰው የማይገለጥ መጽሐፍ አለው። «ይህ አይነሳም» ከተባላችሁ አትከራከሩ። ታቦት፣ መንበርና መቅደስ ውስጥ ያለ ማንኛውም ነገር የዚህ ሥራ አካል አይደለም።

ቀኑን ስትመርጡ የደብሩን የወር በዓል ተዉት። ማርያም ከሆነች 21፣ ሚካኤል ከሆነ 12፣ ጊዮርጊስ ከሆነ 23 ቀን ማንም ለእናንተ ጊዜ የለውም። በዐቢይ ጾም ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋቱ ነፃ ነው፤ በፍስክ ጊዜ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ቀኑን ሙሉ መሥራት ትችላላችሁ። ክረምቱን ዝለሉት፤ ብራና እርጥበት ሲስብ ያብጣል፣ ይወላገዳል፣ ቅጠሉም አልተኛ ይላል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ይሻላል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

– ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ፣ 20 ሜጋፒክስል ወይም ከዚያ በላይ። አዲስ መሆን የለበትም፤ ያገለገለ ይበቃል።
– 50 ሚሊሜትር የማያሳድግ የማያሳንስ ሌንስ፤ ማክሮ ቢሆን ይመረጣል። ሰፊ ሌንስ የገጹን ጠርዝ ስለሚያጎብጥ አትያዙ።
– ካሜራውን ወደታች አስመልክቶ የሚይዝ መቆሚያ። አግዳሚ ክንድ ያለው ትራይፖድ ከሆነ ከኋላው የአሸዋ ከረጢት አንጠልጥሉለት፤ መጽሐፉ ላይ የሚወድቅ ካሜራ ሁለቱንም ያጠፋል።
– ሁለት እኩል የኤልኢዲ መብራቶች፣ ከባትሪያቸው ጋር። ሃሎጅን አይሁን፤ ሙቀቱ የብራናውን ጠርዝ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠቀልለዋል።
– ግራጫ ካርድና የቀለም ካርድ፤ በሴንቲሜትር የተከፈለ ማስመሪያ።
– ጥቁር ወይም ግራጫ፣ የማያብለጨልጭ ጨርቅ።
– ስፖንጅ ቁርጥራጮች ወይም ንጹሕ ጋቢና ብርድ ልብስ፣ ለመደገፊያ።
– ትንሽ መስታወት፣ እርሳስ፣ ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ።
– ቢያንስ ሁለት ሚሞሪ ካርድና ሁለት ሃርድ ዲስክ።
– መዝገብ ደብተር። እስክሪብቶ ወደ ጠረጴዛው አይቅረብ፤ እርሳስ ብቻ።
– የአፍና አፍንጫ ጭምብል፤ የሻገተ መጽሐፍ ሲያጋጥም።

ጓንት በዝርዝሩ ውስጥ የሌለው ረስቼው አይደለም። ነጭ የጥጥ ጓንት ጣት የሚነካውን እንዳይለይ ያደርጋል፤ ክሩም የተቀደደውን የብራና ጠርዝ ይዞ ይጎትታል። በሳሙና የታጠበና በደንብ የደረቀ እጅ ይበልጣል። ቅባትም ሆነ የእጅ ማጽጃ አልኮል ተቀብታችሁ ወዲያው አትንኩ። የላስቲክ ጓንት የሚያስፈልገው ሽፋኑ ብር ወይም ሌላ ብረት ሲሆን፣ ወይም ሻጋታ ሲኖር ነው።

አሠራሩ

1. ቦታ ምረጡ።

ከመቅደሱ ውጪ፣ ግን ከዕቃ ቤቱ ብዙ ሳይርቅ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት ክፍል ይሁን። መስኮት ካለ በጨርቅ ሸፍኑት። ደመና በመጣና በሄደ ቁጥር ብርሃኑ ከተለዋወጠ አንዱ ገጽ ሰማያዊ፣ አንዱ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ከቀዝቃዛ ዋሻ ወይም ከድንጋይ ግምጃ ቤት የወጣ መጽሐፍ ወዲያው አይገለጥም። በጨርቅ እንደተጠቀለለ ግማሽ ሰዓት ያህል ክፍሉን ይልመድ፤ ብራና ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ሲያገኘው ይኮማተራል። ጄኔሬተር የምትጠቀሙ ከሆነ ከቤቱ አርቁት፤ ንዝረቱ ፎቶውን ያደበዝዛል። ቡና፣ ውኃ፣ ጧፍና ዕጣን ከክፍሉ ይውጡ።

2. መጽሐፉን ሳትገልጡ መርምሩት፣ ቅጠሉንም ቁጠሩ።

ገበታው (የእንጨት ሽፋኑ) ተሰብሯል? ስፌቱ ላልቷል? የሥዕሉ ቀለም ይረግፋል? መልሱ አዎ ከሆነ በመዝገቡ ጻፉና ቄሰ ገበዙን ወይም መሪጌታውን ጠይቁ፤ ቅጠሉን የሚገልጠው እጁ የለመደ ሰው ይሁን። ቀጥሎ ጥራዝ በጥራዝ (አንድ ላይ የታጠፉና የተሰፉ ቅጠሎች ናቸው) እየሄዳችሁ ቅጠሎቹን ሁለት ጊዜ ቁጠሩ፤ ሁለት ሰው ለየብቻው ቢቆጥር ይሻላል። ጥራዙ ብዙ ጊዜ 8 ወይም 10 ቅጠል ነው። 7 ወይም 9 ሆኖ ካገኛችሁት አንድ ቅጠል ጎድሎ ወይም ተቆርጦ ይሆናልና ጻፉት።

ይህን ደረጃ በራሴ ጥፋት ነው የተማርኩት። አንድ ተአምረ ማርያም ሳልቆጥር አነሳሁ። አዲስ አበባ ተመልሼ ገጾቹን ሳስተያይ በመካከል አንድ ተአምር መጨረሻ የለውም። ሁለት ቅጠሎች በጧፍ ጠብታ ተጣብቀው አንድ ላይ ተገልጠው ነበር። ለሁለት ገጽ ብዬ የአንድ ቀን መኪናና የግማሽ ቀን የእግር መንገድ እንደገና ሄድኩ፤ አባታችንም መጽሐፉን እንደገና ከማህደሩ (ከቆዳ መያዣው) ለማውጣት ተገደዱ። ቆጥሬ ቢሆን ኖሮ የምስሎቹ ብዛት ከቅጠሉ ቁጥር ጋር አለመግጠሙን እዚያው አውቀው ነበር።

3. ቁጥር ስጡት።

ለደብሩ አንድ ቁጥር፣ ለመጽሐፉ አንድ ቁጥር፣ ለቅጠሉ አንድ ቁጥር፣ ለቅጠሉ ፊት 1፣ ለጀርባው 2። 014-003-025-2 ማለት የ14ኛው ደብር፣ 3ኛ መጽሐፍ፣ 25ኛ ቅጠል፣ ጀርባው ማለት ነው። የፋይል ስም በቁጥር ብቻ ይሁን፤ አንዳንድ ኮምፒውተር የግእዝ ፊደል ያለበትን የፋይል ስም ያበላሸዋል። ቁጥሩን በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ከገጹ ውጪ፣ ጠርዙ አጠገብ አስቀምጡ። በብራናው ላይ፣ በእርሳስም ቢሆን፣ ምንም አትጻፉ፤ ምንም ተለጣፊ አትለጥፉ።

4. መደገፊያውን ሥሩ።

የግእዝ መጻሕፍት ስፌት ጠንካራ ነው፤ 180 ዲግሪ በግድ ከተዘረጋ ጀርባው ይሰነጠቃል። ከ100 ዲግሪ ብዙም አይለፍ። የሚነሳውን ወገን ጠፍጣፋ አስተኙት፤ ሌላውን ገበታ ቀጥ አድርጋችሁ በጋቢ በተጠቀለለ ጡብ ወይም በሳጥን አስደግፉት። በዚህ አቀማመጥ በመጀመሪያ የቀኙን ገጾች (የቅጠሎቹን ፊት) ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንሱ። ከዚያ መጽሐፉን አዙራችሁ የግራውን ገጾች (ጀርባቸውን) አንሱ። ሁለቱን በኋላ በፋይል ቁጥራቸው ታሰናስሏቸዋላችሁ። በእያንዳንዱ ገጽ መጽሐፉን ወዲያና ወዲህ ከማገላበጥ ይህ ለስፌቱ እጅግ ይቀለዋል።

5. ካሜራውን ከገጹ ጋር ትይዩ አድርጉ።

በዓይን ግምት አይሆንም። መስታወቱን ገጹ በሚተኛበት ቦታ አስቀምጡና በካሜራው ተመልከቱ። የሌንሱ ምስል በክፈፉ መካከል ልክ ከታየ ትይዩ ነው፤ ወደ ጎን ከሸሸ ካሜራው አዘንብሏል። ትይዩ ካልሆነ ከላይ ያለው መስመር ከታች ካለው ይጠብባል፤ የገጹ ልክም ከፎቶው ሊወሰድ አይችልም።

6. መብራቱን አስተካክሉ።

ሁለቱን መብራቶች ከግራና ከቀኝ፣ በ45 ዲግሪ፣ በእኩል ርቀት አቁሙ። ነጭ ወረቀት አስቀምጡና እርሳሱን በመካከሉ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት። ግራና ቀኝ የሚወድቁት ሁለት ጥላዎች እኩል ጥቁረት ካላቸው ብርሃኑ ተመጣጥኗል፤ አንዱ ከጠቆረ ተቃራኒው መብራት ቀርቧል ማለት ነው። ሥራው ሁለት ደቂቃ ነው፤ መቶዎቹን ገጾች ግን ያድናል።

ስለ ፍላሽ፦ አትጠቀሙ። ትልቁ ምክንያት አንድ ብልጭታ ብራናውን ያቃጥለዋል የሚለው አይደለም። ብራና የተፋቀና የለሰለሰ ስለሆነ ከካሜራው ራስ የሚመጣ ብርሃን ተንጸባርቆ በገጹ መካከል ነጭ ጠባሳ ይተዋል፤ ፊደሉም እዚያ ላይ ይጠፋል። በዚያ ላይ አባቶችን ያስደነግጣል፤ መተማመኑም ይጎዳል።

7. ካሜራውን አዘጋጁ።

ሁሉም ነገር በእጅ (ማኑዋል) ይሁን፦ የሌንሱ ክፍተት ኤፍ 8፣ አይኤስኦ (የብርሃን ስሜቱ) 100 ወይም 200፣ የመዝጊያው ፍጥነት ብርሃኑ እንደሚፈቅደው። መቆሚያው ላይ ስላለ 1/15 ሰከንድም ችግር የለውም፤ ግን በጣት አትጫኑት፤ የ2 ሰከንድ ታይመር ወይም ሪሞት ተጠቀሙ። የመንቀጥቀጥ መከላከያውን አጥፉት። ፋይሉ ሮው (ካሜራው ያልነካካው ሙሉ ምስል) እና ጄፔግ (የተጨመቀው) በአንድ ላይ ይሁን፤ ሮው ለዘላቂ ማስቀመጫ፣ ጄፔግ ለዕለት ንባብ። ዋይት ባላንሱን (ነጭ ነጭ ሆኖ እንዲወጣ የሚያደርገውን የቀለም ማስተካከያ) በግራጫው ካርድ አንዴ አስተካክሉና አትንኩት። አውቶማቲክ ከተውት ቀይ ቀለም የበዛበትን ገጽ አንድ ዓይነት፣ ጥቁር የበዛበትን ሌላ ዓይነት ያደርገዋል።

ካሜራው ገጹን ጨለም ሊያደርገው ይሞክራል። ሂስቶግራሙን (ከ0 ጥቁር እስከ 255 ነጭ የብርሃኑን መጠን የሚያሳየውን ሥዕላዊ መግለጫ) ተመልከቱ፤ የቀለም ካርዱ ነጭ ክፍል 240 አካባቢ ይድረስ፤ 255 ከነካ ዝርዝሩ ጠፍቷል። የምስሉን ጥራት እንዲህ አስሉት፦ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ በረጅሙ በኩል 6000 ነጥብ አለው። ክፈፉ 36 ሴንቲሜትር የሚሸፍን ከሆነ በኢንች 423 ነጥብ ታገኛላችሁ፤ ለንባብም ለኅትመትም ከሚፈለገው 300 በላይ ነው። 55 ሴንቲሜትር ከሸፈነ ወደ 277 ይወርዳል። ስለዚህ ለትልቅ ግንድ መጽሐፍ የተሻለ ካሜራ ፈልጉ፣ ወይም ገጹን በሁለት ክፍል አንሱ።

8. አንሱ።

የመጀመሪያው ምስል የደብሩ ስም፣ ቀኑና የመጽሐፉ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይሁን፤ ሁለተኛው የቀለም ካርዱና ማስመሪያው። ቀጥሎ ማህደሩ፣ የፊት ገበታው፣ ጀርባው፣ የኋላ ገበታው፣ የቅጠሎቹ ጠርዝ በሦስቱም ጎን። በቆዳው ላይ ያለው ድጉስ (ተጭኖ የወጣው ጌጥ) ከአንድ ጎን ብቻ በሚመጣ ዝቅ ያለ ብርሃን ሲነሳ ጥርት ብሎ ይወጣልና አንዱን መብራት አጥፍታችሁ ድገሙት። ከዚያ ቅጠሎቹ፤ ባዶዎቹም ሳይቀሩ። በመጀመሪያውና በመጨረሻው «ባዶ» ቅጠል ላይ የመሬት ስጦታ፣ የደብሩ ንዋያተ ቅድሳት ዝርዝር፣ የሰጪው ስም ተጽፎ የምታገኙት እዚያ ነው። አንዳንዴ ስሙ ተፍቆ በላዩ ሌላ ስም ይጻፋል። የተፋቀ ቦታ ስታዩ ያንኑ የጎን ብርሃን ተጠቀሙ፤ የብዕሩ ጭረት ጥላ ይጥላል።

የገጹ አራቱም ጠርዞች፣ ከውጪም አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ጥቁር ጨርቅ፣ በክፈፉ ውስጥ ይታዩ። ቀዳዳው፣ ስፌቱ፣ የአይጥ ጥርስ የነካው ማዕዘን የመጽሐፉ የጣት አሻራ ናቸው። ሌላ መጽሐፍ ያንኑ ተአምር ሊይዝ ይችላል፤ ያንኑ ቀዳዳ በዚያው መስመር ላይ ግን አይዝም።

ሥዕል ላይ መጋረጃ ጨርቅ ከተሰፋበት በመጀመሪያ እንደተጋረደ፣ ቀጥሎ ገልጣችሁ አንሱ። ገጹ አልተኛ ካለ መስታወት ከላይ አትጫኑበት፤ የሚረግፍ ቀለም ካለ ከመስታወቱ ጋር ይነሳል። በስፖንጅ የተጠቀለለ ለስላሳ ዘንግ ከጽሑፉ ውጪ ኅዳጉን ቀስ ብሎ ቢይዝ ይበቃል።

ቅጠል በተገለጠ ቁጥር የቀኙ ወገን ዝቅ ይላል፤ ፎከሱም ይሸሻል። በየ20 ቅጠሉ ቁሙና በስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ ፊደል ላይ ፎከስ አድርጉ። ወይም ከሥሩ የታጠፈ ጨርቅ እየጨመራችሁ ገጹን ወደ ነበረበት ከፍታ መልሱት፤ ይህኛው የምስሉንም ልክ እንዳለ ስለሚያቆይ እኔ የምመርጠው ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ጣታችሁን በምራቅ አርጥባችሁ አትግለጡ። የሚያስተምሩን አባቶች ሳይቀሩ በልማድ ያደርጉታልና በትሕትና አሳስቡ። ጥቁሩ ቀለማችን ከጥላሸት የተሠራ ነው፤ እርጥበት ሲነካው ከብራናው ላይ ይነሳል። በብዙ ድጓና ዳዊት ላይ የታችኛው የቀኝ ማዕዘን ጽሑፉ የደበዘዘው በዚህ ነው። የጧፍ ጠብታ አትፋቁ፣ የተጣበቀ ቅጠል በቢላ አታላቅቁ፣ እድፍ በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉ። አቧራ ብቻ በብሩሹ፣ ከስፌቱ ወደ ውጪ።

9. መዝገቡን እዚያው ሙሉ።

መጽሐፉ ገና በእጃችሁ እያለ፦ ርዕሱ፤ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ውፍረቱ በሴንቲሜትር፤ የቅጠሉ፣ የዓምዱና የመስመሩ ቁጥር፤ የሥዕሎቹ ዝርዝር፤ የጸሐፊው፣ የሰጪው፣ የንጉሡ ወይም የጳጳሱ ስም ካለ ያለበት ቅጠል፤ ልዩ ምልክቱ። ለባህላዊ ዕቃዎች መለያ በዓለም የሚሠራበት ኦብጀክት አይዲ የሚባለው ደንብም የሚጠይቀው እነዚህኑ ነው፦ ዓይነቱን፣ ከምን እንደተሠራ፣ ልኩን፣ ጽሑፉን፣ ልዩ ምልክቱን፣ ርዕሱን፣ ይዘቱን፣ ዘመኑንና ሠሪውን።

አንድ ነገር ግን ጨምሩ፤ የሁለተኛውን ቅጠል የመጀመሪያ ቃላት ቅዱ። የመጽሐፉ መነሻ «በስመ አብ» ብሎ በሁሉም ቅጂ ይመሳሰላል። እያንዳንዱ ጸሐፊ ግን አንደኛውን ቅጠል የሚጨርሰው በሌላ ቃል ላይ ስለሆነ፣ ሁለተኛው ቅጠል የሚጀምርበት ቃል ከቅጂ ቅጂ ይለያያል። ሌባ የፊቱን ቅጠል ገንጥሎ ማኅተሙን ቢያጠፋ እንኳ ይህ ይቀራል።

10. መጽሐፉ ሳይመለስ ቁጠሩ።

የምስሎቹ ብዛት ከቅጠሉ ቁጥር ሁለት እጥፍ ጋር፣ ከሽፋኖቹና ከካርዶቹ ጋር ተደምሮ ካልገጠመ መጽሐፉ ወደ ማህደሩ አይግባ። በላፕቶፕ ላይ ቢያንስ በየአሥረኛው ገጽ ፎከሱን አጉልታችሁ እዩ። ከዚያ በኋላ ብቻ ለቄሰ ገበዙ ቆጥራችሁ አስረክቡና በመዝገቡ ላይ አስፈርሙ።

11. ቅጂ አኑሩ።

300 ገጽ ያለው መጽሐፍ በሮውና በጄፔግ ወደ 12 ጊጋባይት ይይዛል፤ ሃርድ ዲስክ ስትገዙ በዚህ አስሉ። በዚያው ምሽት ወደ ሁለቱም ዲስኮች ገልብጡ፤ ሁለቱንም ሳታረጋግጡ ሚሞሪ ካርዱን አታጽዱ። በመጨረሻ ሦስት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ ለደብሩ፣ አንዱ ለሀገረ ስብከቱ ወይም በስምምነቱ ለተወሰነው ተቋም፣ አንዱ በሌላ ከተማ። ከአንድ ጣራ ሥር ያሉ ሦስት ቅጂዎች በእሳት ጊዜ እንደ አንድ ናቸው። ዲስኮቹን በየዓመቱ ክፈቷቸው፤ ሳይከፈት ዓመታት የተቀመጠ ዲስክ ሲፈለግ ላይነሳ ይችላል።

ደብሩ ኮምፒውተር ከሌለው ዲስኩን ሰጥታችሁ ብቻ አትሂዱ። የሽፋኑን፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅጠሎች፣ የሥዕሎቹን፣ የኅዳግ ማስታወሻዎቹንና የመጨረሻውን ቅጠል ምስል ከመዝገቡ ጋር በወረቀት አትሙ። የደብሩ ማኅተም ይረፍበትና ከቃለ ጉባኤው ጋር ይቀመጥ። መጽሐፍ ሲጠፋ ፖሊስ ጣቢያ በዚያው ቀን ይዛችሁ የምትሄዱት ይህን ነው። ጉዳዩ በፌደራል ፖሊስ በኩል ወደ ኢንተርፖል የተሰረቁ ቅርሶች መዝገብ የሚተላለፍ ከሆነም ፎቶውና ልኩ ይጠየቃል።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

በስልክ የሰነድ ስካነር መተግበሪያ ማንሳት። ይህ ከሁሉም ይብሳል። መተግበሪያው ጠርዙን ይቆርጣል፣ እድፉን «ያጸዳል»፣ ብራናውን ነጭ ወረቀት ያስመስለዋል፤ ለመለያ የሚሆነውን ሁሉ አጥፍቶ ፊደሉን ብቻ ይተዋል።

በቴሌግራም እንደ ፎቶ መላክ። ምስሉ ይጨመቅና ቀጭኑ ፊደል ይደበዝዛል። መላክ ካለባችሁ «እንደ ፋይል» ላኩ።

ሥዕሉን ብቻ ማንሳት። አንድ ወጣት የ40 ሥዕሎች ፎቶ ይዞ መጣ። የትኛው ከየትኛው መጽሐፍ፣ ከስንተኛው ቅጠል እንደሆነ መለየት አቃተን፤ በአንዳቸውም ላይ ማስመሪያም ቁጥርም የለም።

የደብሩን ስምና የመጻሕፍቱን ሙሉ ዝርዝር በማኅበራዊ ገጽ መለጠፍ። የት፣ ምን፣ ስንት እንዳለ ለሌባ መንገር ነው። ስምምነቱ ቢፈቅድ እንኳ ጥቂት ገጽ ብቻ አውጡ፤ የዕቃ ቤቱን በር፣ ቁልፍና መደርደሪያ የሚያሳይ ፎቶ ፈጽሞ አይውጣ። በስልክ የተነሳ ከሆነ ቦታውን የሚናገረውን የጂፒኤስ መረጃ አስቀድማችሁ አጥፉ።

የሻገተውን መጽሐፍ ከደህናው ጋር በአንድ ጠረጴዛ መሥራት። ሻጋታው በእጅና በጨርቅ ይተላለፋል። መጨረሻ ላይ፣ ጭምብል አድርጋችሁ፣ ሌላ ጨርቅ ዘርግታችሁ ሥሩት፤ ዱቄት የሚመስል ነገር የሚበንበት ከሆነ አትግለጡት፤ ለቅርስ ባለሥልጣን ባለሙያ ይነገር።

ስልክ ብቻ ካላችሁ

ካሜራ እስኪገኝ መጽሐፉ አይጠብቅም፤ ስለዚህ በስልክም ቢሆን ጀምሩ። ስልኩን በእጅ አትያዙ፤ በመቆሚያው ክንድ ላይ እሰሩት። ዋናውን ሌንስ ተጠቀሙ፤ ሰፊውን (0.5 የሚለውን) አይደለም። ማስዋቢያውንና ኤችዲአሩን (ብዙ ምስሎችን አዋህዶ ብርሃኑን የሚቀይረውን) አጥፉ። ስክሪኑን ገጹ ላይ ተጭናችሁ ቆዩ፤ ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋል። ስልካችሁ ሮው የሚያነሳ ከሆነ አብሩት። መቁጠሩ፣ ቁጥሩ፣ ማስመሪያው፣ የሁለተኛው ቅጠል ቃል፣ የጎን ብርሃኑ፣ ቅጂው አንዱም አይቀርም። ጊዜ ካጠረ ሙሉውን መጽሐፍ ተዉና ከእያንዳንዱ መጽሐፍ ገበታዎቹን፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅጠሎች፣ ማንኛውንም ማስታወሻ፣ ሥዕሎቹንና የመጨረሻውን ቅጠል አንሱ። በዚህ መንገድ ሁለት ሰው ሆናችሁ ባለ 20 መጽሐፍ ዕቃ ቤት በሁለት ቀን መጨረስ ይቻላል፤ ሙሉ ሥራውን በሚቀጥለው የበጋ ወራት ተመልሳችሁ ትሠሩታላችሁ።